የወይዘሮ ሽታዬ ዘይት

ወይዘሮ ሽታዬ የተገኙት አልጋቸው ላይ በጎናቸው እንደተኙ፣ አንድ እጃቸው ወደ ወለሉ ተንጠልጥሎ ነው። ያገኘቻቸው የልጃቸው ሚስት ኢየሩስ ናት። ረቡዕ ጠዋት ሻይ ይዛ ገብታ ጠራቻቸው፤ ደግማ ጠራቻቸው፤ ከዚያ ጩኸቷን የሰሙ ጎረቤቶች ግቢውን ሞሉት።

ኢንስፔክተር ጉልላት ሐይቁ ዳር ባለችው ከተማ አዲስ ከተማ ሰፈር ወደሚገኘው ወደዚያ ግቢ ሲደርስ፣ አንዲት ጎረቤት "አሳ ነው የገደላቸው! ትናንት ማታ አሳ በልተዋል" እያለች ለሚገባው ሰው ሁሉ ትናገር ነበር። ጉልላት ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሰው ሲያወራው ዓይን ዓይኑን ሳይሆን እጅ እጁን የሚያይ ሰው ነው። ሴትየዋን አመስግኖ ወደ ክፍሉ ገባ። ረዳቱ ሳጅን ሀያት ቀድማው ደርሳ፣ ምንም ነገር ሳትነካ መሃል ላይ ቆማለች።

"ምን ይሸትሻል?" አላት።

"ነጭ ሽንኩርት።"

"ከአሳው ይሆን?"

"አሳው ጠረጴዛው ላይ ተርፏል፤ ጠጋ ብዬ አሽትቼዋለሁ። ይኼ ሽታ ግን ከአልጋው በኩል ነው የሚመጣው።"

ጉልላት ጎንበስ ብሎ አየ። አንሶላው በላብ ርሷል። ትራሱ ላይ የደረቀ አረፋ አለ። የሴትየዋ የዓይን ብሌን ጠቦ ጠቦ ነጥብ አክሏል። ሽታዬ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከጉልበት ሕመም በቀር ሐኪም ቤት የሚያስኬዳቸው ነገር ያልነበራቸው ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ በልብስ ስፌት ሁለት ልጆች አሳድገዋል፤ አንዱ የራሳቸው ልጅ ፊልሞን፣ ሌላው እናቱ የሞተችበት የእህታቸው ልጅ ኤልናታን። ፊልሞን የከባድ መኪና ሹፌር ሆኖ ያን ዕለት ሞያሌ ነበር።

"አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ክፍሉ ደግሞ ይታሸግ" አለ ጉልላት።

ኢየሩስ በረንዳው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ በላብ ወርዝቷል። እንባዋ ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ መሃረቧን የያዘችበት እጅ ይንቀጠቀጣል።

"ትናንት ማታ ከእሳቸው ጋር ማን ነበር?" ሲል ጠየቃት።

"እኔ ብቻ ነኝ።"

"አሳውን አብረሽ በልተሻል?"

"አይ… አልበላሁም። ሆዴን አሞኝ ነበር።"

ሀያት ቀና ብላ ኢንስፔክተሩን አየችው። እሱ ግን የኢየሩስን እጆች እያየ ነበር።

ረፋዱ ላይ አንድ ነጭ ፒክአፕ በሩ ላይ ቆመና አንድ ወጣት ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ዘሎ ወረደ። ደረጃው ላይ ተደፋ። "አክስትህ አትበሉኝ! እናቴ ናት! እናቴን ነው ያጣሁት!" እያለ ሲጮኽ ጎረቤቶቹ እንደ አዲስ አለቀሱ። ኤልናታን ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ መሬት ተከራይቶ ቲማቲምና ጎመን ያመርታል።

ጉልላት አልቅሶ እስኪወጣለት ጠበቀውና አጠገቡ ተቀመጠ። "የት ነበርክ?"

"ባቱ። ሰኞ ነው የሄድኩት፣ የቲማቲም ችግኝ ላመጣ። ጠዋት ስልክ ደወሉልኝ።"

"ያረፍክበት ቦታ የሚያውቅህ ሰው አለ?"

"ችግኝ ጣቢያው በሙሉ ያውቀኛል።" ቀና አለ። "ምነው? የሰው እጅ አለበት ትላላችሁ?"

"ገና ምንም አላልንም። ከኢየሩስ ጋር እንዴት ነበሩ?"

ኤልናታን ወደ በረንዳው አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ዛሬ ይኼን ማውራት ደግ አይደለም። አይስማሙም ነበር። ውሃና ዘይት ነበሩ።"

ሀያት ይህንን ማስታወሻዋ ላይ አሰፈረችው።

*

ከሰዓት በፊት ሀያት ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ ወደ አሞራ ገደል ወረደች። ጀልባዎቹ ከሐይቁ ተመልሰው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የአሳ አንጀት በሚጣልበት አካባቢ ተሰብስበው እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ቀና ይላሉ። ለሽታዬ አሳ የሸጠችውን ሴት ለማግኘት ብዙ አልደከመችም፤ ወሬው ቀድሟት ደርሶ ኖሮ ሴትየዋ ተቆጥታ ነው የጠበቀቻት።

"የኔ አሳ ሰው አይገድልም! ሲወጣ ገዝቼ ሳይውል ሳያድር ነው የምጠብሰው። ትናንት እኔም ከልጆቼ ጋር ከዚሁ በልቻለሁ። እነዚያ ጀልባ የሚጠግኑት ልጆችም በልተዋል፤ ሂጂና ጠይቂያቸው።"

ሀያት ጠየቀቻቸው። አንዳቸውም ሆድ ቁርጠት እንኳ አልነበረባቸውም። ደውላ ለጉልላት ነገረችው፤ "አሳው ነጻ ነው" አለችው። "እኔን ከጠየቁኝ የልጃቸው ሚስት ናት። አልበላችም። ትንቀጠቀጣለች። የምታለቅሰው ደግሞ ደንግጣ እንጂ አዝና አይመስለኝም።"

"አምጫትና እንጠይቃት" አለ ጉልላት።

*

ጣቢያ ስትደርስ ኢየሩስ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ መቀመጥ አቅቷት ነበር። ላቧ አንገቷን አልፎ ቀሚሷን አርሶታል። ሀያት ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

"ተጣልታችሁ ነበር አይደል?"

"እንደ ማንኛውም ሰው ነበርን።"

"ጎረቤቶች ግን እንዲያ አይሉም።"

"ልጅ አልወለድሽም ይሉኝ ነበር። እኔም እመልስላቸው ነበር። ግን ማታ ማታ ጉልበታቸውን የማሸው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዲነካቸው አይወዱም።" ትንፋሿ ያፏጫል። "ሳሻቸው ደግሞ አይቆጡኝም። እሱን ሰዓት እንወደው ነበር።"

"ትናንትም አሸሻቸው?"

"አዎ። በዘይት። የቸርቻችን አገልጋይ ወንድም ናትናኤል በጸለየበት ዘይት። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠው ይጨምሩበታል፣ ለብርድ ጥሩ ነው ብለው። ትናንት ላብ በላብ ሆነው ነበር፤ ትኩሳት መስሎኝ ደጋግሜ…"

ቃሉን አልጨረሰችውም። ጠረጴዛውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ ሳትይዘው ወንበሩ ላይ እንዳለች ወደ ጎን ዘመመችና ወለሉ ላይ ወደቀች። ጉልላት ዘሎ ጭንቅላቷን ያዘው። የዓይኖቿን ብሌን ያየው ያኔ ነው። የሽታዬን ዓይን ይመስላሉ።

"መኪና!" ብሎ ጮኸ። ሀያት ኢንስፔክተሩ ሲጮህ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

*

የሆስፒታሉ ሐኪም ረጅም ሰዓት ከቆየች በኋላ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። "በሕይወት አለች" አለች። "ትተርፋለች ብዬ ግን ገና አፌን ሞልቼ አልናገርም። ይኼ የፀረ ተባይ መርዝ ነው። አትክልት የሚረጩ ሰዎች ላይ እናየዋለን፤ ያልባቸዋል፣ ዓይናቸው ያነባል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ጠዋት የላካችሁት አስከሬን ላይም ያው ነው የሚታየው።"

"በልታው ነው?" አለች ሀያት።

"የግድ በአፍ መግባት የለበትም። ቆዳ ይበቃዋል። እጆቿን አይቻቸዋለሁ፤ ታጥባም ቢሆን አሁንም ዘይት ዘይት ይላሉ።"

ሐኪሟ ከተመለሰች በኋላ ጉልላት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጠዋት በረንዳው ላይ ያን ላብና ያን መንቀጥቀጥ አይቶ ነበር። ያየውን የጥፋተኛ ፍርሃት አድርጎ ቆጠረው። ልጅቷ እየሞተች እሱ ወንበር ላይ አስቀምጦ ሲያስጠይቃት ዋለ።

"እኔ ነኝ የገፋፋሁዎት" አለች ሀያት።

"የጠራኋት እኔ ነኝ።" ቀና አለና "አንድ ነገር ግን ገብቶኛል። ዘይቱ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው በባዶ እጁ አያሽበትም" አለ።

*

ጠርሙሱ የታሸገው ክፍል ውስጥ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ነበር። ከሥሩ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት ዘቅጧል፤ ከላይ ያለው ዘይት ጥርት ያለ ወርቃማ ነው። ሀያት ጓንት አድርጋ ብርሃን ላይ ያዘችው።

"ሲያዩት ምንም የለውም" አለች። አባቷ አዲስ ከተማ ገበያ ውስጥ ዘይት ሲሸጡ ነው ያሳደጓት። "ዘይት ላይ ውሃ የጨመረ ነጋዴ ወዲያው ይታወቅበታል፤ ውሃው ከሥር ይተኛል። ዘይት በዘይት የቀላቀለ ግን አይታወቅም። ኑግ ላይ ፓልም ቢጨምሩበት አባቴ ራሱ በብርሃን አይቶ አይለየውም ነበር።"

"ታዲያ በምን ይለየዋል?"

"ይቀምሰዋል። ይኼን ግን አንቀምሰውም።" ፈገግ ልትል ፈለገችና ተወችው። "የአትክልት መድኃኒቱ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ምን እንደሚሆን አይተው ያውቃሉ? ገበሬዎቹ በርሜል ውስጥ ሲያማቱት?"

"እንደ ወተት ይሆናል።"

ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስመጣች። ወንድም ናትናኤል ከፀሎት ቤቱ ከሚያድለው ዘይት ቀድመው ያስመጡት ነበርና፣ ከእሱ አንዱ ብርጭቆ ላይ አንጠባጠበች። ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ ክብ ክብ ሠርቶ ቀረ። በማንኪያ አማሰለችው፤ ተበታተነና ተመልሶ ተሰበሰበ። ከሽታዬ ጠርሙስ ደግሞ ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ጨመረች። ገና ሳታማስለው ከጠብታው ሥር ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር ወደ ታች ወረደ። ስታማስለው ውሃው በሙሉ ነጣ።

"ላቦራቶሪው ያረጋግጠው" አለ ጉልላት። "ለሰው ግን አንናገርም። ኢየሩስ ሆስፒታል መሆኗንም ማንም አይወቅ። ጣቢያ ታስራለች በሉ።"

"ቤተሰቦቿ…"

"ባሏን መንገድ ላይ እያለ እኔ ራሴ ደውዬ እነግረዋለሁ። ለማንም እንዳይናገር አደራ እለዋለሁ።"

*

ወንድም ናትናኤል የተጠራው ዘይቱን ያደለ እሱ በመሆኑ ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነው። ሀያት ስለ ዘይቱ ስትጠይቀው አልተቆጣም። ይዞ ከመጣው ጀሪካን በመዳፉ ቀዳና ክንዱን እስከ ክርኑ ድረስ ቀባ።

"ምእመናኑ በሙሉ የወሰዱት ከዚህ ነው" አለ። "ለእማማ ሽታዬ የሰጠኋቸው ከዘመን መለወጫ በፊት ነው። ጉልበታቸው ተሽሏቸው ነበር።" ጀሪካኑን ዘጋውና አመነታ። "ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? በቅርቡ ስለ ጉልበታቸው መጸለይ አቁመው ነበር። 'ወንድም ናትናኤል፣ የማውቀውን ክፉ ነገር ደብቄ ስለ ጉልበቴ ብለምን ይሰማኛል?' አሉኝ። ምንድን ነው ብላቸው አልነገሩኝም።"

"ምን አልካቸው?"

"ለሚገባው ሰው ይናገሩት አልኳቸው።" ዘይት የተቀባ ክንዱን ተመለከተ። "ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ይኼ የሆነው።"

በማግስቱ ሐሙስ ሐኪሟ ጉልላት ከኢየሩስ ጋር ጥቂት እንዲነጋገር ፈቀደችለት። ኢየሩስ ድምፅዋ ከትራሱ አልፎ አይሰማም።

"ዘይቱን የነካው ማን ነው?" አላት ወደ ጆሮዋ ተጠግቶ።

"ማንም። እኔና እሳቸው።"

"አስቢው እስቲ።"

ዓይኗን ጨፍና ቆየች። "አልቆ ነበር" አለች። "ቅዳሜ ማታ ጠርሙሱን ገልብጬ ነው ያሸኋቸው። እሁድ ማታ ሳነሳው ግን ከግማሽ በላይ ነበር። ወንድም ናትናኤል ጨምሮላቸው ነው ብዬ አልጠየቅኩም።"

"እሁድ ቤት ማን መጣ?"

"እኛ ቸርች ነበርን። ስንመለስ ቲማቲምና ጎመን በሩ ውስጥ ተቀምጧል። ኤልናታን ነው የሚያመጣው፤ ቁልፍ አለው።"

"ካሸሻቸው በኋላ እጅሽን አልታጠብሽም?"

"በውሃ ለቅለቅ አደረግሁት እንጂ በሳሙና አልታጠብኩም። የተጸለየበት ዘይት ነው። እኔም…" ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "እኔም የምለምነው ነገር ነበረኝ። የተረፈውን ሆዴ ላይ ቀባሁት።"

*

"ባቱ የተባለው እውነት ነው" አለች ሀያት። "ከሰኞ እስከ ረቡዕ ጠዋት እዚያው ነበር። ብዙ ሰው ነው ያየው።"

"ጠርሙሱ እዚህ ካለ እሱ እዚያ ቢሆንስ ምን ይቸግረዋል?"

"ለምን ግን? ያሳደጉት ናቸው። ትናንት ያለቀሰው ለቅሶ የውሸት አልነበረም።"

"አልነበረም" አለ ጉልላት። "እኔንም የጨነቀኝ እሱ ነው።"

መልሱን ያገኙት ከአንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። ሰፈር ውስጥ ሲጠይቁ፣ ሽታዬ ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ ረቡዕ ረቡዕ ወደ ቡሹሎ ይሄዱ እንደነበር ነገራቸው። ኢየሩስ የእህታቸውን ልጅ ሊጠይቁ የሚሄዱ መስሏት ነበር፤ ጎረቤቶቹም እንዲሁ። ሹፌሩ ግን ራሱን ነቀነቀ። "የሱ እርሻ ጋ አንድ ቀን እንኳ ወርደው አያውቁም። እንዲያውም በዚያ ስናልፍ ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔ የማደርሳቸው ከጤና ጣቢያው አለፍ ብሎ ካለች ትንሽ ቤት ነው።"

የቤቷ ባለቤት ፀደይ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ናት። አማርኛውን በሲዳምኛ አስቦ እንደሚናገር ሰው ቃል በቃል ነው የምታወጣው። የሽታዬን መሞት ሲነግሯት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ለዚህ ነው ትናንት ያልመጡት" አለች። "ቡና አፍልቼ እየጠበቅኳቸው ነበር።"

"እንዴት ተዋወቃችሁ?"

"ልጄን መኪና ገደለብኝ። ክረምት ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ። ሳይቆም ሄደ። ፖሊስ መጣ፣ አላገኘም።" ወደ መንገዱ አየች። "ከቀብሩ በኋላ አንድ ቀን እማማ ሽታዬ መጡ። የማላውቃቸው ሰው ናቸው። የሰማሁ ሰው ነኝ አሉኝ። ተቀመጡና ከኔ በላይ አለቀሱ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መጡ። ስለ ልጄ ይጠይቁኛል። ምን ትወድ ነበር፣ ትምህርት እንዴት ነበረች። ሰው ሁሉ እንድረሳ ይነግረኛል፤ እሳቸው ግን እንዳወራ ይፈልጋሉ።"

ጉልላት ወደ እሷ ጠጋ አለ። "ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጡ ምን አሉሽ?"

"እጄን ይዘው፣ 'በሚመጣው ረቡዕ ብቻዬን አልመጣም፤ ልጄን ይዤ እመጣለሁ' አሉኝ። ልጃቸውን ሊያስተዋውቁኝ መስሎኝ ነበር።"

መኪና ውስጥ እንደገቡ ሀያት ሞተሩን ሳታስነሳ መሪውን ያዘች። "ረቡዕ ከመድረሱ በፊት" አለች።

"አዎ" አለ ጉልላት። "የተጋጨ መኪና የሚጠግኑትን ባቲላሜራዎች ጠይቂልኝ። ክረምት ላይ የፊት መብራት ያስለወጠ ነጭ ፒክአፕ።"

በማግስቱ ዓርብ ረፋድ ሦስተኛው ጋራዥ ላይ አገኘችው። ባለሙያው አስታውሶታል፤ ላም ገጨሁ ብሎ ነበር ያሠራው።

*

ጉልላት ወደ ኤልናታን እርሻ የሄደው ከቀብሩ በኋላ፣ ፀሐይ ገና ሐይቁ ላይ ሳትዘቀዝቅ ነው። ሀያት አብራው አለች። የላቦራቶሪው ውጤት ገና አልደረሰም። በእጃቸው ያለው የፊት መብራትና አንድ ነጭ የሆነ ብርጭቆ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ጠርሙሱን ኤልናታን ሲነካው ያየ ሰው የለም። ልጁ ሐዘን ላይ እንዳለ ሰው ፂሙ አድጓል። ከመጋዘኑ በር ላይ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አወጣላቸውና እሱ ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

"አመነች?" ሲል ጠየቀ።

"ማን?"

"ኢየሩስ። ታስራለች ሲሉ ሰማሁ።"

"እንድታምን ትፈልጋለህ?"

"እኔማ ምን እፈልጋለሁ። የወንድሜ ሚስት ናት። አብረን ነው ያደግነው ከፊልሞን ጋር፤ በአንድ አልጋ ላይ። እሷ እንዲህ ታደርጋለች ብዬ ማመን ነው ያቃተኝ።"

ጉልላት የኤልናታንን እጆች ተመለከተ። ጉልበቱ ላይ ተረጋግተው ተቀምጠዋል።

"ኢየሩስ አልታሰረችም" አለ ቀስ ብሎ። "ሆስፒታል ናት። ከረቡዕ ጀምሮ። እሷም ተመርዛለች። ፊልሞን አጠገቧ ነው፤ ሐኪሞቹ ትተርፋለች ብለው ገና አልነገሩትም።"

የመጨረሻው አረፍተ ነገር ያን ዕለት እውነት አልነበረም፤ ኢየሩስ ጠዋት ገንፎ ቀምሳለች። ጉልላት ይህን መዋሸቱን ኋላም አልወደደውም። ኤልናታን ግን ከተቀመጠበት ተነሳ።

"እንዴት? እጇን በሳሙና አልታጠበችም እንዴ?"

ከጎመኑ መስመር መሃል አንድ ሠራተኛ በጀርባው መርጫ አዝሎ ያልፋል፤ የመርጫው ፉጨት ብቻ ይሰማል።

"ለምን እጇን?" አለ ጉልላት።

ኤልናታን እጆቹን ወደ ኋላው ደበቀ።

"ሰው ሁሉ አሳ ነው የሚለው" ቀጠለ ጉልላት። "እኔም ለማንም ስለ እጅ አላወራሁም። ስለ ዘይትም ለአንተ ያነሣሁት ነገር የለም። ለማንኛውም ልመልስልህ። በሳሙና አልታጠበችም። የተጸለየበት ዘይት ነው ብላ ነው። ልጅ እንዲሰጣት እየለመነች ሆዷ ላይ ጭምር ቀብታዋለች።"

ልጁ ተመልሶ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። የወጣው ድምፅ የሱ አይመስልም።

"ትታጠባለች ብዬ ነው። ሁልጊዜ ሳሙና በእጇ ነው እሷ። ትታጠባለች ብዬ ነው።"

"ፀደይንስ ታውቃታለህ?" አለችው ሀያት። "እዚህ አጠገብህ ናት። ልጅ ነበረቻት።"

"ዝናብ ነበር" አለ ኤልናታን መሬት መሬቱን እያየ። "ቢጫ ጀሪካን ይዛ ነበር። ቆሜያለሁ፤ አልቆመም የሚሉት ውሸት ነው። ወርጄ አየኋት። ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር። ከዚያ ሄድኩ። የሄድኩት እቤት ነው፣ አክስቴ ጋ። መብራቱን አየችው። ልብሴን ያጠበችው እሷ ናት።"

"ከዚያ ደግሞ ሐሳቧን ለወጠች።"

"እዚያ ቤት መሄድ ባትጀምር ኖሮ! አትሂጂ ብያታለሁ። ስትመለስ ስለ ልጅቷ ትነግረኛለች። ሥዕል ትስል ነበር ትለኛለች። በልቼ እንኳ እንዳልጨርስ። በመጨረሻ 'ረቡዕ አብረን ሄደን እግሯ ሥር ትወድቃለህ፤ ከዚያ ጣቢያ ድረስ እጅህን ይዤ እወስድሃለሁ። እምቢ ካልክ ብቻዬን እነግራታለሁ' አለችኝ። እንደ ልጅ እጅህን ይዤ አለችኝ።" ወደ እጆቹ አየ። "ስንት ዓመት እንደሚፈረድብኝ ጠይቃ ነበር። ስንቅ አመላልስልሃለሁ ነው የምትለኝ።"

"ስንቁን ታመላልስልህ ነበር" አለ ጉልላት።

ኤልናታን ያን ጊዜ አለቀሰ። ረቡዕ ደረጃው ላይ እንዳለቀሰው ጮኾ አይደለም። ሀያት እጁን ስታስረው ራሱ አቀረበላት።

*

ቅዳሜ ጠዋት ጉልላት ለፀደይ ለመንገር ብቻውን ሄደ። ሌላ ሰው ከሚነግራት ብሎ ነው። ከቤቷ ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ አንድም ጊዜ አላቋረጠችውም።

"ያውቁ ነበር" አለች ሲጨርስ።

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።"

"ሥዕሎቿን አሳየኋቸው እኮ። ደብተሯን አውጥቼ። እያወቁ ያዩት ነበር። እያወቁ ቡናዬን ጠጡ።" ድምፅዋ እየጨመረ መጣ። "የመጡ ቀን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ያን ሁሉ ወር!"

ጉልላት አንድ ሕግ አስከባሪ ማለት የሚገባውን ያውቃል፤ ወንጀል ደብቀዋል። ጉልበታቸውን እያመማቸው በየሳምንቱ እዚያ ቤት የወሰዳቸው ነገርም እውነት ነበር። ሁለቱ አንድ ሰው ውስጥ አብረው መኖራቸውን ይህች እናት ፊት እንዴት አድርጎ ይናገረው? "ሊነግሩሽ ነበር" ብቻ አላት። "የሞቱት ሊነግሩሽ ስለነበር ነው።"

ፀደይ ተነሥታ ወደ ቤት ገባችና በሩን ዘጋችው። ጉልላት ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ በቃኝ ብላ ነው ብሎ ወደ መኪናው ሄዶ በሩን ከፈተ። ሊገባ ሲል ጠራችው። ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

"ድንኳኑ አልተነሳም አይደል?"

"አልተነሳም።"

"ውሰዱኝ።"

አዲስ ከተማ ሲደርሱ መዝሙሩ ከድንኳኑ ውስጥ ይሰማል። ፊልሞን ከፊት ተቀምጧል፤ ኢየሩስ ያን ጠዋት ከሆስፒታል ወጥታ ብርድ ልብስ ተደርቦላት ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፋለች። ጉልላት ወደ ፊልሞን ጆሮ ጎንበስ ብሎ ሴትየዋ ማን እንደሆነች ነገረው።

ፊልሞን ተነሥቶ ቆመ። እናቱን የገደለበት ወንድሙ ነው፤ የዚህችን ሴት ልጅ የገደለም እሱ ነው። እጁን ልዘርጋ አልዘርጋ እያለ መሃል ላይ ቀረ። ኢየሩስ ናት ፍራሹ ላይ በጭንቅ ፈቀቅ ብላ ቦታ የለቀቀችላት። ፀደይ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

መዝሙሩ አልቆ ወንድም ናትናኤል ለመጸለይ ሲነሣ፣ ፊልሞን ወደ ፀደይ ጎንበስ አለ።

"የልጅሽ ስም ማን ነበር?"

"ሮሆቦት።"

ፊልሞን ወደ ናትናኤል ሄዶ ክንዱን ያዘው። "ከመጀመርህ በፊት ለሕዝቡ ንገራቸው" አለው። "እዚህ የተቀመጥነው ለሁለት ሰው ነው። የሁለቱንም ስም ንገራቸው።"

ናትናኤል ነገራቸው። የልጇ ስም በዚያ ሁሉ የማታውቀው ሰው መሃል ሲጠራ ፀደይ እስከዚያ ይዛው የቆየችውን ለቅሶ ለቀቀችው፤ ድንኳኑም ተከትሏት አለቀሰ።